ከጋሻ እስከ ጥማድ፦ ወታደር እንዴት ገበሬ ይሆናል?

አማርኛ መሬትን የሚለካባቸው ሁለት የቆዩ ቃላት አሉ፦ ጋሻ እና ጥማድ። ጋሻ መጀመሪያ ወታደር ጦር የሚመክትበት መሣሪያ ነው። ወታደር ለአገልግሎቱ መሬት ይሰጠው ስለነበር ቃሉ ቀስ በቀስ የመሬት ስፋት መጠሪያም ሆነ፤ ኋላ ላይ አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ገደማ ተብሎ ተያዘ። ጥማድ ደግሞ «ጠመደ» ከሚለው ግሥ ይመጣል። አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ማለት ነው፤ ወደ ሩብ ሄክታር ይጠጋል። የሚገርመው በአማርኛ በሬም ይጠመዳል፣ መትረየስም ይጠመዳል።

ይህ ጽሑፍ ከመትረየሱ መጥመድ ወደ በሬው መጥመድ ስላለው መንገድ ነው። ጦርነት ባለቀ ቁጥር በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መሣሪያ ያስቀምጣሉ፤ ብዙዎቹም «በሉ ሂዱና እረሱ» ይባላሉ። ቀላል ይመስላል። አብዛኛው ወታደር የገበሬ ልጅ ነው፣ ጉልበት አለው፣ ችግር ለምዷል። መሬትና ዘር ከተሰጠው ሌላ ምን ቀረ?

እኔ የተማርኩት ምሕንድስና ነው። መሐንዲስ ደግሞ አንድ ሥራ ሲበላሽ «ሰውዬው ሰነፍ ነው» ከማለቱ በፊት «የትኛው ቦታ ላይ ነው የታነቀው?» ብሎ ይጠይቃል። እኛም እንደዚያ እንጠይቅ። መልሱን አሁኑኑ ልንገራችሁ፦ ብዙ ጊዜ ሥራው የሚታነቀው ሰው እንደሚያስበው መሬት ላይ ሳይሆን ቀን ላይ ነው። ዝናቡ ከመጥናቱና ዘር ከመዘራቱ በፊት ባሉት ጥቂት ሳምንታት፣ ቀድሞ ወታደር የነበረው ሰው ስንት የበሬ ቀን ያገኛል? ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ይንጠለጠላል።

ስለ ስንት ሰው ነው የምናወራው?

በ1983 ዓ.ም. ግንቦት የደርግ መንግሥት ሲወድቅ፣ በዘመኑ ከሰሐራ በታች ካሉት የአፍሪካ ጦሮች ትልልቅ ከሚባሉት አንዱ የነበረው ሠራዊት ተበተነ። ወደ 450 ሺህ የሚጠጉ ወታደሮች ወደ ሲቪል ሕይወት መመለስ ነበረባቸው። ለዚህ ሥራ ኮሚሽን የተቋቋመው ወዲያው በሰኔ ወር ነው። ከተመላሾቹ ግማሽ ያህሉ መድረሻቸው ገጠር ነበር። ለእነሱ የታሰበው ድጋፍ ቀለብ፣ ዘር፣ የእጅ መሣሪያ፣ በአንዳንድ ቦታም በሬ ነበር።

ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጀርሱ ስምምነት ሲዘጋ ደግሞ ወደ 150 ሺህ የሚጠጉ ወታደሮች የሚሰናበቱበትና የሚቋቋሙበት ፕሮግራም ተጀመረ። ሦስተኛው አሁን በእኛው ዘመን ያለው ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ በሰባት ክልሎች ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን አስመዝግቧል፤ በትግራይ የመጀመሪያው ዙር ሥራ የተጀመረው በኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው።

371 ሺህ ሰው ማለት ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት፣ 60 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ስድስት ጊዜ ሞልታችሁ ገና ሰው ይተርፋችኋል። እያንዳንዱ ደግሞ ቤተሰብ አለው።

ቀላል ሒሳብ እንሥራ

ከነፃነት በኋላ፣ ማለትም ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ለአርበኞች፣ ለስደት ተመላሾችና ለወታደሮች መሬት ይሰጥ ነበር። ለተራው ወታደር የተለመደው ስጦታ አንድ ጋሻ ነው። 40 ሄክታር! ዛሬ ለብዙ ኢትዮጵያዊ ገበሬ አንድ ሄክታር እንኳ ሕልም ነው። ታዲያ እነዚያ ወታደሮች ሁሉ ሀብታም ገበሬ ሆኑ?

ወረቀትና እርሳስ ያዙ። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ከሆነና አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ከሆነ፣ በአንድ ጋሻ ውስጥ 160 ጥማድ አለ። በአንድ ጥንድ በሬ አንድ ዙር ለማረስ 160 ቀን ይፈጃል ማለት ነው። ግን ጤፍ በአንድ ዙር እርሻ አይዘራም፤ መሬቱ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መታረስ አለበት። አራት ዙር ብንል 640 ቀን ይመጣል። ከአንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር በላይ ነው! ዝናቡ ይህን ሁሉ ጊዜ ቆሞ አይጠብቅም።

አሁን ከሌላው ጫፍ እንነሳ። ከበልጉ መጨረሻ እስከ ዘር ያለው የእርሻ ጊዜ ሦስት ወር ነው እንበል። እሑድና በዓላት፣ በሬ የሚያርፍበት፣ ሰው የሚታመምበት ሲቀነስ 60 የሥራ ቀን ይቀራል። 60ን ለ4 ዙር ስናካፍል 15 ጥማድ፣ ማለትም አራት ሄክታር የማይሞላ መሬት እናገኛለን። የአንድ ጥንድ በሬና የአንድ አራሽ አቅም እዚህ ላይ ያበቃል።

ስለዚህ 40 ሄክታር የተሰጠው ወታደር እሱ ራሱ ሊያርሰው አይችልም። ወይ ለጭሰኛ ይሰጠዋል፣ ወይ ይሸጠዋል፣ ወይ ጦም ያድራል። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መሬት በአዋጅ የሕዝብ ንብረት እስኪሆን ድረስ ብዙው የጋሻ መሬት በጭሰኛ ጉልበት የሚታረስ ነበር። ጋሻው ለወታደሩ ገቢ እንጂ እርሻ አልሰጠውም።

የዛሬው ተመላሽ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ መሬቱ ትንሽ ነው፣ በሬውም የለም። ግማሽ ሄክታር አገኘ እንበል። ሁለት ጥማድ፣ በአራት ዙር፣ ስምንት የበሬ ቀን ያስፈልገዋል። ስምንት ቀን ምን አላት? ትሉ ይሆናል። በሬ ከየት ይመጣል ነው ጥያቄው። አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ መቀናጆ ይባላል፣ ተራ በተራ ያርሳሉ። ምንም የሌለው ግን በጉልበቱ ይከፍላል። በብዙ አካባቢ ለአንድ የበሬ ቀን ሁለት የሰው ቀን ይሠራል። 8 ሲባዛ በ2፣ 16 ቀን የሌላ ሰው ማሳ ላይ ማለት ነው።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ተራው ነው። በሬ ያለው ሰው መጀመሪያ የራሱን ያርሳል። አፈሩ ለእርሻ የደረሰበት ቀን ለሁሉም አንድ ቀን ስለሆነ፣ የተዋሰ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል። ሁለት ሳምንት የዘገየ ዘር ዝናቡ መጨረሻ ላይ ሲያጥረው ፍሬው አይሞላም። እንግዲህ ሰውየው አልሰነፈም፣ መሬትም አላጣም፤ ወረፋ ላይ ነው የተሸነፈው።

በሬ ለምን እንዲህ ውድ ሆነ? የአገራችን በሬ ወደ 300 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ሁለቱ 600 ኪሎ ናቸው። ጥንድ በሬ ሳይደክም ቀኑን ሙሉ ሊስብ የሚችለው የክብደቱን አንድ አሥረኛ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ወደ 700 ኒውተን እንውሰድ። ፍጥነቱ በሰከንድ 0.6 ሜትር ቢሆን፣ ኃይሉ 700 ሲባዛ በ0.6፣ ወደ 420 ዋት ይሆናል። ሰው ቀኑን ሙሉ በጉልበቱ የሚሰጠው ኃይል ከ75 ዋት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ «ዶማ ሰጥተነዋል፣ ይቆፍር» ስንል፣ አንድን ሰው ከአምስትና ከስድስት ሰው ጉልበት ጋር ውድድር ውስጥ አስገባነው ማለት ነው።

የአቃቂ ጥቁር አፈር ፈተና

እስካሁን አፈሩን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርገን ነው ያሰላነው። አፈር ግን አንድ አይደለም። አቃቂ ቃሊቲ የምትኖሩ ወይም ወደ ቢሾፍቱ ስትሄዱ በዚያ ያለፋችሁ ጥቁሩን አፈር ታውቁታላችሁ። ክረምት ላይ ጫማ ያወልቃል፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የአጥርና የቤት ግድግዳ የሚሰነጥቀው እሱ ነው። አንዳንዱ መረሬ፣ አንዳንዱ ኮትቻ፣ በሰሜን ደግሞ ዋልካ ይለዋል። ሳይንሱ ቨርቲሶል የሚለው ነው። በኢትዮጵያ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚሸፍን ይገመታል፤ ከዚህ 7.6 ሚሊዮን ያህሉ ደጋው ላይ ነው።

ምስጢሩ ስሜክታይት የሚባለው የሸክላ ማዕድን ነው። ቅንጣቶቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡ ናቸው። ውሃ ሲያገኙ በገጾቹ መሃል ይገባና መጽሐፉን ያሳብጠዋል፤ ሲደርቅ ገጾቹ ይጠጋጉና አፈሩ ይሰነጠቃል። ከተማ ውስጥ መንገድ ስንሠራ ጥቁሩን አፈር ቆፍረን አውጥተን በሰሌክት እንተካዋለን። ገበሬ ግን ማሳውን በገልባጭ መኪና ጭኖ ሊቀይር አይችልም፤ ከአፈሩ ጋር መኖር አለበት።

አብሮ ለመኖር ደግሞ ቀኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ነው፣ ማረሻ አያስገባም። ሲረጥብ ድግር ላይ እየተለጠፈ በሬዎቹን ያደክማል። በሁለቱ መሃል ያለው ለእርሻ የሚመቸው ጊዜ አንዳንዴ ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ክረምቱ ሲበረታ ደግሞ ውሃው መሬቱ ላይ ይተኛል፣ የተዘራውም ሥሩ አየር አጥቶ ይቢጫል። በዚህ ምክንያት የሸዋ ገበሬ ብዙውን ጥቁር አፈር ክረምቱ እስኪያልፍ ይጠብቅና በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም፣ አፈሩ በያዘው ቀሪ እርጥበት ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ ይዘራበታል። ብልህ ዘዴ ነው፤ ግን የክረምቱ ዝናብ ለሰብል ሳይውል ያልፋል።

ውሃውን ማጠንፈፍ ቢቻልስ? በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ በእጃቸው አፈር እየዛቁ መደብና ቦይ በመሥራት ሲያደርጉት ኖረዋል። ወገብ የሚሰብር ሥራ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የአፍሪካ የቁም እንስሳት ምርምር ማዕከል (ኢልካ) ከኢትዮጵያ የምርምርና የግብርና ተቋማት ጋር ሆኖ ይህን ዕውቀት ወደ መሣሪያ ለወጠው። ሁለት ማረሻ ተጣምሮ፣ በጥንድ በሬ ተስቦ፣ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደብና 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦይ የሚያወጣ ነው። ቢቢኤም ይባላል። መጀመሪያ ከባድ ነበር፤ ኋላ ላይ ኢትዮጵያዊው የግብርና መሐንዲስ ዶክተር መለሰ ተመስገን በአይባር ኢንጂነሪንግ በኩል በተለመደው ማረሻ ላይ የሚገጠም ቀለል ያለ ዓይነት ሠሩ። ማሳው ሲጠነፈፍ ስንዴን ቀደም ብሎ መዝራት ይቻላል።

ለተመላሹ ወታደር ይህ ምን ይጠቅመዋል? ብዙ። አንድ ሰው መሬት ሲሰጠው ሌላው የተወው፣ ውሃ የሚተኛበት ማሳ ሊደርሰው ይችላል። መሣሪያው ካለ ያ ማሳ ሰብል ይሆናል፤ ከሌለ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። ሥልጠናው ለቀይ አፈር የተዘጋጀ ከሆነ ደግሞ ጥቁር አፈር ላይ አይሠራም። ለዚህ ነው የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የዱረም ስንዴና የሽምብራ ዝርያዎችን ቢሾፍቱ ላይ ብቻ ሳይሆን አቃቂና ጨፌ ዶንሳ ላይም የሚሞክረው። አጠገብ ለአጠገብ ያለ መሬት እንኳ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም።

ያመለጡ ክረምቶች

አሁን ደግሞ ሰውየውን እንይ። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን የሚመለከት ነበር። በ18 ዓመቱ የሄደ፣ በ26 ዓመቱ የተመለሰ አንድ ወጣት እናስብ። ስምንት ክረምት አምልጦታል።

ስምንት ክረምት ቀላል አይደለም። የገበሬ ልጅ እርሻ የሚማረው በክፍል ውስጥ አይደለም። መጀመሪያ ጥጃ ይጠብቃል፣ ከዚያ ከብት፣ ከዚያ ጉልጓሎ ላይ ይረዳል፣ መጨረሻ ላይ አባቱ እርፉን ይሰጠዋል። ሞፈሩ ሲረዝም ማረሻው ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ፣ ወገሉ ሲላላ ምን እንደሚሆን፣ የትኛው በሬ ቀኝ የትኛው ግራ እንደሚጠመድ፣ አፈሩ ደርሷል የሚባለው መቼ እንደሆነ በእጁና በዓይኑ ነው የሚያውቀው። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ አልተጻፈም። የቀረ ክረምት ደግሞ በጥቂት ቀን ሥልጠና አይካካስም፤ ክረምት በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚመጣ፣ ተማሪው ፈተናውን የሚወስደው በዓመት አንዴ ነው። ከወደቀ ቤተሰቡ ይራባል።

ሌላም የማንረሳው ነገር አለ። አራሽ በአንድ እጁ እርፍ፣ በሌላው ጅራፍ ይይዛል። በጦርነት አንድ እጁን ያጣ ሰው ይህን ሥራ እንደተለመደው ሊሠራ አይችልም። ለእሱ ጥንድ በሬ ስጦታ አይሆንለትም፤ ንብ ማነብ፣ ዶሮ እርባታ ወይም ችግኝ ጣቢያ ግን ሊሆንለት ይችላል።

ሌሎችም ሞክረውታል

የኢትዮጵያ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውስትራሊያ ወደ 37 ሺህ የሚሆኑ ተመላሽ ወታደሮችን እርሻ ላይ አሰፈረች። ብዙዎቹ ጥለው ወጡ። ዳኛ ፓይክ የተባሉ ሰው በ1929 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሪፖርት ምክንያቶቹን ሲዘረዝር፦ መነሻ ገንዘብ ማነስ፣ ቤተሰብ የማያኖር ጠባብ መሬት፣ ለእርሻ ያልተዘጋጁ ሰዎች፣ የምርት ዋጋ መውደቅ። ትራክተርና ባንክ በነበረበት አገር ሳይቀር የታነቀው ቦታ ከእኛው ጋር ይመሳሰላል።

አንድ ሌላ ሙከራ ደግሞ ከአቃቂ ብዙም ሳይርቅ ተደርጓል። በጣልያን ወረራ ዘመን የፋሺስት መንግሥት የጦር ተመላሾችን የሚያቋቁመውን ድርጅቱን አምጥቶ ሆለታና ቢሾፍቱ ላይ ለጣልያን ወታደሮች እርሻ አቋቁሞ ነበር። ገንዘብም፣ ማሽንም ነበረው። መሬቱ ግን ባለቤት ነበረው፤ ከኢትዮጵያውያን የተነጠቀ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ወረራው ሲያበቃ ሰፈራውም አብሮ አበቃ። ከሌላ ሰው ተነጥቆ በተሰጠ መሬት ላይ የቆመ እርሻ ሰላም አያገኝም፤ ይህ ዛሬም ተመላሽ ሰው መሬት ሲሰጠው መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

የመሐንዲስ መልስ፦ የታነቀውን ቦታ ክፈቱ።

አንደኛ፣ የቀን መቁጠሪያው ይቅደም። ግንቦት 20 ለገበሬ ጆሮ ምን ይላል? ክረምት ሊገባ ነው ይላል። በዚያ ሰሞን ወደ ቤቱ የተላከ ወታደር መሬቱን በመስከረም ቢያገኝ፣ ዋናው የመኸር ምርት የሚደርሰው በቀጣዩ ዓመት ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፤ 14 እና 15 ወር መጠበቅ አለበት። ቀለቡ ለስድስት ወር ብቻ ቢሆን ዘሩን ይበላዋል። በኅዳር የተመለሰ ሰው ግን በጋው በሙሉ አለው። መሬቱና በሬው እስከ መጋቢት ከተዘጋጁለት ክረምቱን ይደርስበታል፤ እስከ ሰኔ ከተጓተቱ ግን ዓመቱ ተቃጠለ። ክረምቱ ከሸዋ በሚያጥርበት በትግራይ ይህ የበለጠ ይከብዳል።

ሁለተኛ፣ ከመሬት ስፋት ይልቅ የበሬ ቀን ይቆጠር። ለሁለት ተመላሾች አንዳንድ በሬ ሰጥቶ ማቀናጀት፣ ወይም ለአሥር ሰው አንድ አነስተኛ ትራክተር ማከራየት ከአንድ ሺህ ዶማ ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ሥልጠናው አፈሩ ያለበት ቦታ ይሁን። በብዙ ቀበሌዎች የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል አለ። አንድ ሙሉ ወቅት ከጎረቤት አራሽ ጎን ሆኖ መሥራት፣ ካምፕ ውስጥ ከሚሰጥ አጭር ገለጻ ብዙ ያስተምራል። ደቦና ወንፈል ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ ከእርሻው በላይ ጎረቤት ያገኛል።

አራተኛ፣ ሁሉም አራሽ መሆን የለበትም። ሠራዊት ውስጥ ሾፌር፣ መካኒክ፣ የሬዲዮ ባለሙያ፣ ነርስ አለ። የውሃ ፓምፕ የሚጠግን ወይም የመውቂያ ማሽን ይዞ ከማሳ ማሳ የሚዞር አንድ መካኒክ፣ ሃምሳ ገበሬ ከብክነት ያድናል። ከእነዚህ ሰዎች እጅ ጥንድ በሬ ማስያዝ የነበራቸውን ሙያ መጣል ነው።

እናንተም ሞክሩት

ጥቁር አፈር በአካባቢያችሁ ካለ ሁለት ነገር ሞክሩ። የመጀመሪያው፦ አፈሩን በውሃ አላቁጡና የክብሪት ቀፎ ውስጥ ጠቅጥቃችሁ ሙሉት፤ ለጥቂት ቀን ጥላ ላይ አድርቁት። ከዳር ዳሩ ምን ያህል እንደሸሸ በማስመሪያ ለኩ። ከቀይ አፈር ጋር አወዳድሩት።

ሁለተኛው፦ ትንሽ እርጥብ አፈር በመዳፋችሁ እያንከባለላችሁ እንደ ክር አቅጥኑት። 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቀጥኖም ካልተሰባበረ ገና በጣም እርጥብ ነው። ልክ እዚያ ውፍረት ላይ መሰባበር ሲጀምር መሐንዲሶች «ፕላስቲክ ሊሚት» የሚሉት ወሰን ላይ ደርሷል። ለእርሻ የሚመቸው እርጥበት ከዚህ ወሰን ትንሽ ዝቅ ሲል ነው። በላብራቶሪ ለመንገድና ለሕንፃ የምንሠራው ምርመራ ይኸው ነው። አያታችሁ ማሳው ላይ አፈር ዘግነው በጣታቸው እያሹ «ገና ነው፣ ነገ አይደለም፣ ከነገ ወዲያ» ሲሉ የሚያደርጉትም ይኸው ነው።

ከጦር ሜዳ የሚመለሰው ሰው እንደገና መማር ያለበት ይህን «ከነገ ወዲያ» ነው። ያ ቀን ሲደርስ ግን በሬው እጁ ላይ መኖር አለበት።